ለአምስት ዓመት ልጅ የስምንተኛ ክፍል ዕቅድ አታስሞሉን

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣ በተለይም የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለምትከታተሉ ባለሙያዎች

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት የደመወዝ ጥያቄ ይዤ አይደለም። (እሱም ጊዜው ይደርሳል።) የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ የምንሞላበትን ቅጽ ቀይሩልን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ወረቀት ነው። ግን ያቺ ወረቀት ከሰኞ እስከ አርብ ልጆቹ ምን እንደሚነኩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡ፣ መቼ ዝም እንደሚባሉ ትወስናለች። መምህሩ የሚፈራው እሷን ነው። የሚገመገመውም በእሷ ነው።

ቅጹን ታውቁታላችሁ። ከላይ የመምህሩ ስም፣ የትምህርት ዓይነት፣ ክፍል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ከሥር ሰንጠረዥ፦ ይዘት፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ደቂቃ፣ የመርጃ መሣሪያ፣ የምዘና ስልት፣ ምርመራ። ከግርጌ የመምህሩ ፊርማ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪው ፊርማ፣ የምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊርማ። ይህ ለስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ደህና ቅጽ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ምንም አልተነካካም። የክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ እንኳን እንዳለ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ ቁጭ ካለ አሞታል ማለት ነው፤ ግንባሩን መንካት ያስፈልጋል።

"ዝርዝር ዓላማ" የሚለው ሳጥን ውስጥ የምንጽፈውን ላሳያችሁ። "በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሕፃናት የውሃን ጥቅም ያብራራሉ።" ያብራራሉ! የዚህ ዕድሜ ልጅ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ቧንቧውን ይከፍታል። የቧንቧውን አፍ በመዳፉ ይከድነዋል። ውሃው በጣቶቹ መሀል ተፈናጥሮ ጓደኛውን ያበሰብሰዋል። ከዚያ አንድ ጣት ያነሳል፣ ውሃው አቅጣጫ ይቀይራል። እንደገና ይሞክራል። እዚያ ቧንቧ ሥር ጥሩ ሳይንስ እየተሠራ ነው። "ያብራራሉ" የሚለው ግስ ግን ለዚህ ልጅ አልተጻፈም። የተጻፈው ለሚፈርመው ሰው ነው።

አርብ ከሰዓት ልጆቹ ከወጡ በኋላ የሚሆነውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ብዙ መምህር የአምናውን ደብተር አውጥቶ ቀኑን እየቀየረ ይገለብጣል። አንዱ ከሌላው ኮፒ ያደርጋል። ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት። ማንም የማይጠቀምበትን ወረቀት በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማሰብ ያደክማል። ሰኞ ጠዋት ይፈረምበታል፣ ፋይል ይገባል፣ በቃ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። የጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር ሲመጣ "ዕቅድ አላችሁ?" ይላል። አለን። ሳጥኖቹ መሞላታቸውን ያያል፣ ቼክ ያደርጋል፣ ይሄዳል። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች የክፍሉን ደፍ ሳይረግጥ የተመለሰም አጋጥሞኛል።

ፖሊሲ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነው የቀዳማይ ልጅነት ማዕቀፍ አውጥተዋል። ገጠር ድረስ "ዜሮ ክፍል" ወይም "ኦ ክፍል" የምንለው የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎ ከመደበኛው ትምህርት ጋር አሰልፎታል። ሥልጠና ስንጠራም ስላይዱ ሁሉ ስለ ጨዋታ ነው። "ልጅ በጨዋታ ይማራል" እንባላለን፣ እናጨበጭባለን፣ አበላችንን ፈርመን እንወጣለን። ቅጹ ላይ ስንመለስ ግን ጨዋታ የሚጻፍበት ሳጥን የለም። "የማስተማሪያ ዘዴ" የሚል ካለ "በጨዋታ" ብለን አንዲት ቃል ጽፈን እንገላገላለን።

እና ሳምንቱ ራሱ። ቅጹ አምስት እኩል ቀናት እንዳሉ ያስባል። እንዲህ ያለ ሳምንት እኔ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት በር ላይ የሚያለቅሱ አሉ። ሁለት ቀን ከእናት ጋር ከርመው መለየት ከብዷቸዋል። ገጠር ወይም ትንሽ ከተማ ከሆነ የገበያ ቀን አለ፤ ያን ቀን ግማሹ ልጅ ይቀራል፣ ታላቅ እህቱ ገበያ ስለወጣች የሚያመጣው የለም። ረቡዕና አርብ ምሳ ዕቃው ይለያል። አርብ ከሰዓት ልጆቹም እኛም ነዳጃችን አልቋል። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ መስቀል እየተከታተሉ ሳምንቱን ይቆራርጡታል፤ ጥር ላይ ከተራና ጥምቀት ይመጣሉ። ረመዳን በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፣ ቤቱ ሌሊት የሚነሳ ልጅ ጠዋት እንቅልፉን አልጨረሰም። ይህን ሁሉ መምህሩ ያውቃል። ቅጹ አያውቅም።

እንደ እንቅፋት የምናያቸው ቀናት ደግሞ ስንት ትምህርት ይዘው ይመጣሉ። ኅዳር 12ን ውሰዱ። ጠዋት ከተማው ሁሉ በጭስ ታፍኖ ልጁ ዓይኑን እያሸ ይመጣል። "ሚስ፣ እኛ ሰፈር ቆሻሻ አቃጠልን!" ይላል። "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ስለ ንጽሕና፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ጭስ ለመነጋገር ከዚያ ቀን የተሻለ ከየት ይገኛል? ዓመታዊው ዕቅድ ግን "የአካባቢ ንጽሕና"ን ግንቦት ላይ አስቀምጦታል። ኅዳር 12 ማስተማር ያለብኝ "የቤት እንስሳት"ን ነው። ልጁ ስለ ጭስ ያወራል፣ እኔ ስለ በግ።

አሁን ወደ ፊደል ልምጣ። ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ይመስለኛል።

33 የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር ነው። አንዳንድ ቦታ ዓመታዊ ዕቅዱ "በሳምንት ሁለት ቤት" ይላል። በአራት ወር ፊደል "ይሸፈናል" ማለት ነው። ይሸፈናል የሚለው ትክክል ነው፤ ተሸፍኖ ይቀራል። ክፍል ገብታችሁ እዩት። ልጆቹ "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ" ሲሉ ጣሪያው ይነሳል። ደስ ይላል። አሁን አንዱን ልጅ ጥሩትና ሰሌዳው ላይ "ሌ"ን ብቻ ጽፋችሁ "ይሄ ማነው?" በሉት። ዝም ይላል። ከንፈሩን ግን እዩት፣ ይንቀሳቀሳል። ከ"ለ" ተነስቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ነው። ጣቱንም እያጠፈ ይሆናል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ "ሌ!" ይላል፣ እናንተም "ጎበዝ!" ትላላችሁ። ልጁ ዜማውን ያውቃል፣ ፊደሉን አላወቀውም። መጽሐፍ ላይ ደግሞ ፊደል ተራ ይዞ አይመጣም።

ይህን ችግር አባቶቻችን ቀድመው አይተውታል። አቡጊዳ የተሠራው ለዚህ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" ሲል ልጁ በለመደው ዜማ መንሸራተት አይችልም። እያንዳንዱን ፊደል ፊቱን አይቶ መለየት አለበት። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ወደ ታችም ወደ ጎንም ተጠይቆ፣ አቡጊዳ አልፎ፣ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም እስከ ዳዊት ይሄዳል። የኔታ ሳምንታዊ ዕቅድ አይጽፉም። ግን "ያ ልጅ የት ደረሰ?" ብትሏቸው ያውቃሉ። አንዱ ገና ፊደል እየቆጠረ፣ አጠገቡ ያለው ዳዊት እየደገመ፣ ትልቁ ትንሹን እያስቆጠረ በአንድ ግቢ ይውላሉ። ቁርዓን ቤትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ይዞ በራሱ ቦታ ላይ ነው። አለንጋው ይቅርብን እንጂ ይህ ነገራቸው ይደር። እኛ ግን ስድሳ ልጅ በአንድ ሳምንት "መ"ንና "ሠ"ን እኩል እንዲጨርስ እንጽፋለን። ጻፍን፣ ጨረሰ።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ጥፋቱ ሁሉ የቅድመ አንደኛ ነው አልልም። ያኔ አብዛኛው ልጅ በእኛ በኩል አላለፈም። ግን እኛ በችኮላ የምናሳልፈው ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ከዚያ ሲሶ ውስጥ እንደማይገባ በምን እርግጠኛ እንሆናለን?

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን አንድ ሳምንት እንዴት ሊታቀድ እንደሚችል ላሳያችሁ። ጭብጡ "ጉሊት" ነው። ከተማም ሆነ ገጠር ጉሊት የማያውቅ ልጅ የለም።

ሰኞ ምንም አዲስ ነገር አልጀምርም። ወሬ ብቻ። "ቅዳሜና እሁድ ገበያ የሄደ ማነው?" እላለሁ። አንዱ ከእማማ ጋር ሄዷል። ሌላዋ ብርቱካን ተገዝቶላታል። አንዱ አልሄደም፣ ግን ሄጃለሁ ይላል፣ ይበል። የሰማኋቸውን ቃላት በአእምሮዬ እይዛለሁ፦ መደብ፣ ምራቂ፣ ጣሳ፣ ዘርዝሪልኝ። ከወሬው በኋላ ጭቃ እናቦካለን። ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት እንሠራለን። አብዛኛው ነገር ድንች ይመስላል፤ ችግር የለውም።

ማክሰኞ ጭቃው ደርቋል። መደብ እንሠራለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቷ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት ልጅ ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም፣ ስሟ ሲጠራም አንገቷን ትደፋለች። ልጆቹ ድንቻቸውን እንዲሁ ሲከምሩ አየችና "እንደዚህ አይደለም!" ብላ ተነሳች። ሦስቱን ከሥር ገጥማ፣ አንዷን ከላይ አስቀመጠች። "ትልቋ ከላይ ናት። የተመታችው ከሥር።" ክፍሉ ሁሉ ከበባት። የዚያን ቀን አስተማሪዋ እሷ ነበረች። ሦስት ከሥር አንድ ከላይ አራት ነው። ሁለት መደብ ስንት ነው? ይቆጥራሉ፦ ስምንት። "ምራቂ ጨምሪልኝ" ሲባል ዘጠኝ። አንዷ ተሰብራ ስትወጣ ተመልሶ ስምንት። መደመር፣ መቀነስ፣ በእኩል መመደብ፣ ሁሉም እዚያ ጭቃ ላይ አለ። "ሕፃናት የመደመርን ጽንሰ ሐሳብ ይገልጻሉ" ብሎ የጻፈ ሰው ይህን አያገኘውም።

ረቡዕ ፊደል እናመጣለን። ከተራው ሳይሆን ከገበያው። የቃሪያ "ቃ"፣ የድንች "ድ"፣ የቲማቲም "ቲ"። ከሦስት የተለያዩ ቤቶች፣ ራብዕ፣ ሳድስና ሣልስ። ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈን ከየመደቡ ፊት እናቆማለን። ሳምንቱን ሙሉ እነዚህን ሦስት ብቻ። አንዴ በዚህ ቀን አንዱ "ሥጋ ቤትስ የለም?" አለ። ሌላው "ዛሬ ጾም ነው" አለው። ሦስተኛው ወዲያው "እኛ ቤት አይደለም" አለ። እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ሰዓት ደረሰ ብዬ አልቆርጠውም። ከአምስት ዓመት ልጅ አፍ ስለ ጎረቤት ሃይማኖት የሚወጣ ሰላማዊ ቃል በየትኛውም ሳጥን አይገዛም።

ሐሙስ ከተፈቀደልን ከግቢ ወጥተን በር ላይ ያሉትን ጉሊቶች እናያለን። የወላጅ ፈቃድ፣ የርዕሰ መምህር ደብዳቤ፣ ረዳት ሰው ያስፈልጋል። ካልተሳካ እዚያው ክፍል ጣሳ፣ ሲኒና ማንኪያ አቅርበን አሸዋ እንሰፍራለን። በርበሬ በምን ይሰፈራል? ጤፍስ? አንድ ጣሳ ለመሙላት ስንት ሲኒ ይፈጃል? እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፣ አንዱ ሲኒውን ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ ሌላው ያጎድላል። ይከራከሩ።

አርብ ገበያው ይከፈታል። ገንዘቡ ቆርኪ ነው። ግማሹ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ዋጋ መከራከር የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ካልተከራከሩ አልተማሩም። አንዱ ሻጭ "ዛሬ የለም፣ ነገ ና" ብሎ ሱቁን ዘጋ። የቆርኪው ብር ጨምሮ ነው መሰል።

ገበያው አርብ ካላለቀ ሰኞ ይቀጥላል። የማይቀጥልበት ምክንያት የለም። አሁን ባለው ቅጽ ግን ሰኞ "የመጓጓዣ ዓይነቶች" ይጀምራል፣ ተፈርሟል።

ይህ ሳምንት ዕቅድ አልነበረውም እንዳትሉኝ። ነበረው። ጭብጡን፣ ሦስቱን ፊደላት፣ ቀድሜ የምሰበስበውን ዕቃና በቅርብ የማያቸውን ልጆች ስም ይዣለሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቢሮው የሰጠኝን ባለ ስምንት አምድ ሰንጠረዥ ግን ለብቻው ሞልቻለሁ። ብዙ ደህና መምህራን እንዲህ ሁለት ዕቅድ ይዘው ይኖራሉ፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለልጆቹ።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አላወራም። በጀት የለም የሚለውን ለምደነዋል። ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ባዶ ሀይላንድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጭቃ፣ ጠጠር በነፃ ይገኛሉ። ለአዳዲስ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ሽምብራና ባቄላ ለመቁጠር ያምራል፣ ነገር ግን አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጆሮ ውስጥም ይገባል። ገብቶ ያብጣል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ነው። ትልልቁን ነገር ምረጡ።

የልጆቹን የራሳቸውን ጨዋታዎችም ዕቅድ ውስጥ እንድናስገባ ፍቀዱልን። ሰኞ ማክሰኞ የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል የሚያስዘልል ጨዋታ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ቻርት ይሰቀላል? ቅልብልቦሽ ዓይንና እጅን ያገናኛል፣ ያስቆጥራል። "ኩኩሉ" ሲባል "አልነጋም" ብሎ መመለስ ተራን መጠበቅ ነው። በእንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ልጅ "አገር ስጠኝ" ይባላል፣ ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፤ ሳይሸማቀቅ መሸነፍን ይለምዳል። አሁን እነዚህ ሁሉ "እረፍት" ተብለው ከዕቅዱ ውጭ ናቸው። እረፍቱ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል ላስገባ፣ ደብዳቤው ግልጽ ነውና። አንዳንድ የግል ኬጂዎች ልጁን ሰባት ደብተር አሸክመው፣ በየቀኑ የቤት ሥራ ሰጥተው፣ ሚድና ፋይናል ያስፈትኑታል። ወላጅ ደስ ይለዋል። "የእነ እገሌ ልጅ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ የእኔ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል" የሚል ቅሬታ እኛም ጋ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤቶቹን ብቻ አልወቅስም፤ ገበያው የጠየቀውን ነው የሚሸጡት። ቢሮዎች ግን ልትናገሩ ትችላላችሁ። ስለ ሳምንቱ ጭብጥ አንድ አንቀጽ ለወላጅ በሞባይል ወይም በወረቀት ብንልክ ነገሩ ይቀላል። "በዚህ ሳምንት ጉሊት ነን። ገበያ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፣ መደቡን ያስቆጥራችሁ።" የቤት ሥራው ይኸው ነው። ማንበብ የማይችሉ እናትም ያሠሩታል።

ምዘናንም አንርሳ። በቅጹ ላይ "በቃል ጥያቄ" ብለን እንጽፋለን። ሃምሳ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል የቃል ጥያቄ ማለት ፊት ወንበር ላይ ያሉት አምስቱ ይመልሳሉ፣ የቀሩት ይጮኻሉ ማለት ነው። በቀን አምስት ልጅ መርጬ በቅርብ ባያቸው ይሻላል። ማን ብቻውን ይጫወታል፣ ማን እርሳስ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማን ስትጠራው ደጋግሞ አይሰማም? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም። "አይታዘዝም" ተብሎ የኖረ ልጅ ጆሮው ታምሞ የተገኘበት ጊዜ አለ። ይህን የሚጽፉበት ቦታ ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ናት፣ "ምርመራ" የምትለው። እዚያም ላይ ሁላችንም የምንጽፈው "ተከናውኗል" ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ለቅድመ አንደኛ የተለየ፣ የአንድ ገጽ ሳምንታዊ ዕቅድ ቅጽ አዘጋጁልን። የትምህርት ዓይነት በየሳጥኑ አይከፋፈል፤ ጭብጥ ይኑረው። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይበቃዋል፣ መልሶ የሚመጣበት ሳምንትም አብሮ ይጻፍ። ዕቃ መሰብሰቢያ መስመር፣ ውጭ የምንወጣበት ቀን፣ የምናያቸው ልጆች ስም ይግባ። ገጹን ለሁለት ክፈሉትና ግማሹን ባዶ ተዉት። እዚያ ላይ አርብ ዕለት "ምን ተለወጠ? ለምን?" ብለን እንጻፍ። በሳምንቱ መሀል ዕቅዱን የቀየረ መምህር እንዲጠየቅ ሳይሆን እንዲጽፍ ይሁን። ጭብጦቹንም ከወራቱ ጋር አስማሙልን። አደይ አበባ በመስከረም፣ አዝመራ በኅዳር፣ ዓድዋ በየካቲት ይምጣ። ቆላና ደጋው ስለሚለያይ የመጨረሻውን ማስተካከያ ለትምህርት ቤቱ ተዉለት።

ሱፐርቫይዘሮችንም በዚሁ አብራችሁ አሠልጥኑልን። ክፍል ገብተው ሃያ ደቂቃ ወለል ላይ ይቀመጡ። ፋይሉን ከዚያ በኋላ ይጠይቁ።

"ቅጹን ካላላን መምህሩ ይዘናጋል" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ። የሚዘናጋ መምህር አለ። እሱ ግን አሁንም ተዘናግቷል፣ ሳጥኖቹን ሞልቶ። ባዶ ግማሽ ገጽ ከአምና ደብተር አይገለበጥም፤ ክፍል ውስጥ የሆነውን ካላየህ የምትጽፈው የለህም። ለሰነፍ መምህር ከባዱ ቅጽ እንዲያውም ይኼኛው ነው።

ረዳት መምህር ወይም ሞግዚት የሌለው ክፍል ይህን ሁሉ እንዴት ይችላል ብትሉ፣ አይችልም። ስልሳ ልጅ ይዞ ብቻውን ያለ መምህር ገበያ ሊከፍት ቀርቶ ሽንት ቤት የሚያደርስ ሰው የለውም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ትልልቅ ልጆችን ማምጣት ይቻላል፤ ታላቅ ልጅ ታናሹን የሚያጫውትበት ፕሮግራም በአገራችን አዲስ አይደለም፣ የ2002ቱ ማዕቀፍም ያውቀዋል። ግን ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ረዳት ይመደብ።

ጊዜውንም ልንገራችሁ። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው ክረምት ላይ ነው። ቅጹ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታትሞ ካልደረሰን፣ መስከረም ላይ የአምናውን ደብተር እናወጣለን። በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ይጀመር አልልም። በየወረዳው ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች እስከ ጥር፣ የግማሽ ዓመቱ እረፍት ድረስ ይሞክሩት። ሙከራው ሲገመገም ግን ከክፍል ውስጥ የምንሠራውን መምህራንና ሞግዚቶችን ጥሩን፤ ወንበር ካነሰ ቆመን እንሰማለን።

የጉሊቱን ሳምንት ዕቅድ በግማሽ ገጽ የጻፍኩትን ለሚፈልግ ቢሮም ሆነ መምህር ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ነው፣ ግን ይነበባል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህር